ሚኮላ ሌቤድ እንዴት ሳይነካ ቀረ? የአንድ ክር ጥያቄና 18 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር ላይ ጠያቂዋ ነገሩን ሳታንዛዛ ነው ያቀረበችው። ፌዶር ፌዶሬንኮ የተባለ ዩክሬናዊ በትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ዘበኛ ነበር። ይህን ደብቆ አሜሪካ ገባ፤ ሲታወቅበት ዜግነቱ ተሰረዘ፤ በ1984 ወደ ሶቭየት ኅብረት ተባረረና በ1987 በሞት ተቀጣ። ሚኮላ ሌቤድ ግን ዘበኛ አልነበረም። ከናዚ ጀርመን ጋር ያበረው የዩክሬን ብሔርተኞች ድርጅት የደኅንነት ኃላፊ፣ ቆይቶም የድርጅቱ ቁንጮ ነበር። እሱም በ1949 ኒው ዮርክ ገባ፤ ዜግነት አገኘ፤ ጡረታ ወጣ፤ በ1998 ሸምግሎ ሞተ። ትንሹ ሲቀጣ ትልቁ እንዴት ተረፈ? ስትጽፍ ሁለት ነገር ለምናለች፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ፣ ሰነድ ያለውም ከወሬው ተለይቶ ይቅረብ።

1ኛው መልስ ሰጪ አስተዳደጉን አስቀመጠ። ሌቤድ በ1909 ዛሬ የምዕራብ ዩክሬን ክፍል በሆነችው ምሥራቅ ጋሊሺያ፣ ኖቪ ስትሪሊሽቻ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አካባቢው በፖላንድ ሥር ወደቀ። በ1929 ቪየና ላይ የተመሠረተውን የዩክሬን ብሔርተኞች ድርጅት በወጣትነቱ ተቀላቀለ። ሰኔ 15 ቀን 1934 የፖላንዱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ብሮኒስዋፍ ፒየራትስኪ ዋርሶ ውስጥ በጥይት ሲገደል፣ ሌቤድ ከግድያው አቀናባሪዎች አንዱ ነበር። በዳንዚግ በኩል በመርከብ ወደ ጀርመን ሸሸ። ጀርመኖች ግን ይዘው ለፖላንድ አስረከቡት። በጥር 1936 ከስቴፓን ባንዴራ ጋር ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በመስከረም 1939 ፖላንድ ስትፈርስ ከእስር አመለጠ። መልስ ሰጪው በ1934 የተፈጸመው ርክክብ እንዳይዘለል አሳስቧል፤ ጀርመኖችና ድርጅቱ ከመጀመሪያው የተገናኙት በጥቅም እንጂ በመተማመን አልነበረም።

2ኛው መልስ የድርጅቱን መከፈል አከለ። በ1940 ክራኮቭ ላይ ድርጅቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱ ክንፍ የአንድሪይ ሜልኒክ፣ ሌላው የባንዴራ ሆነ። ሌቤድ ከባንዴራ ጋር ሆኖ «ስሉዥባ ቤዝፔኪ» የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ያዘ። ሥራው አባላትን መሰለል፣ በከዳተኛነት የተጠረጠረውን መርምሮ መግደል፣ ሲብስም ተቀናቃኙን ክንፍ ማጥፋት ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ተባብሯል ወይስ አልተባበረም ከማለት በፊት የያዘው ወንበር ምን ሥልጣን እንደነበረው መታወቅ አለበት ይላል። ለእኔ ከጠቃሚዎቹ መልሶች አንዱ ይኸኛው ነው፤ ብዙ ክርክር ሰውየውን ከወንበሩ ለይቶ ነው የሚያየው።

3ኛው ሰኔ 30 ቀን 1941 ላይ አተኮረ። ጀርመኖች ልቪቭ በገቡበት ዕለት የባንዴራ ምክትል ያሮስላቭ ስቴትስኮ የዩክሬንን መንግሥት መመሥረት በአደባባይ አወጀ። የአዋጁ ጽሑፍ አዲሱ መንግሥት በአዶልፍ ሂትለር ከምትመራው ጀርመን ጋር ተቀራርቦ እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። በዚያው ሳምንት ድርጅቱ ያቋቋመው ሚሊሻ አይሁዶችን ከየቤታቸው እየጎተተ አውጥቶ በመደብደብና በመግደል ተካፍሏል። በርሊን ግን ዩክሬንን ቅኝ ልታደርጋት እንጂ ነፃ ልታወጣት አላሰበችም። ባንዴራ በሐምሌ መጀመሪያ ተያዘ። ሌቤድ ተደብቆ የክንፉን አመራር ጨበጠ።

4ኛው እዚህ ላይ በትሕትና አረመ። በግልጽ የሚታየው ትብብር ከሳምንታት አላለፈም ባይ ነው። በመስከረም 1941 ጀርመኖች የባንዴራን ክንፍ ሰዎች በጅምላ አሰሩ፤ የናዚው ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ለሌቤድ ፎቶግራፉን የያዘ የፍለጋ ማስታወቂያ አወጣ፤ በኋላም ሚስቱንና ሕፃን ልጁን አሰረ። እንዲህ የታደነን ሰው ባንዳ ብሎ መዝጋት ያልበሰለ ፍርድ ነው ይላል። 5ኛው ግን አልለቀቀውም። በጀርመን መታደን ከበፊቱም ሆነ ከኋላው ሥራ አያነጻም ብሎ የሰሜን ምዕራብ ዩክሬኗን ቮሊኒያን አመጣ፤ ክሩም ከዚያ ወዲያ ድምፁ ተቀየረ።

የ5ኛው መልስ ዝርዝር ከባድ ነው። በ1942 በጀርመን ሥር የነበረው የዩክሬናውያን ረዳት ፖሊስ አይሁዶች የታጎሩባቸውን የቮሊኒያን ጌቶዎች ከቦ፣ ሰዎቹን ወደ ጉድጓድ እየነዳ፣ ያመለጠውን እየለቀመ በአይሁዶች ጭፍጨፋ ላይ ሠርቷል። በ1943 ጸደይ ወደ 5,000 የሚሆኑት ከነመሣሪያቸው ከድተው ጫካ ገቡና የዩክሬን አማፂ ጦር የጀርባ አጥንት ሆኑ። የተማሩትንም ይዘው ሄዱ፤ መንደርን በሌሊት መክበብ፣ ነዋሪውን አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ቤቱን ማቃጠል፣ በማግስቱ ተመልሶ የተረፈውን መፈለግ። እሑድ ሐምሌ 11 ቀን 1943 ወደ 100 የሚጠጉ የፖላንዳውያን መንደሮች በአንድ ቀን ተመቱ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴ ላይ የነበሩ ምእመናን ጭምር ተገደሉ። በቮሊኒያ ብቻ ከ40,000 እስከ 60,000 ፖላንዳውያን እንዳለቁ ይገመታል። በፖላንዳውያን የአጸፋ ጥቃትም በሺዎች የሚቆጠሩ ዩክሬናውያን ሞተዋል፤ መልስ ሰጪው ይህንንም አልሸሸገም።

6ኛው በመዝገብ ሥራ የሠለጠነ መሆኑ ያስታውቃል። የሟቾቹን ብዛት አልተከራከረም፤ ጥያቄው ትእዛዙን ማን ሰጠ የሚለው ነው። በአንድ በኩል በሚያዝያ 1943 ሌቤድ አካባቢውን ከፖላንዳውያን ማጽዳትን እንዳቀረበ የሚያሳይ ምንጭ አለ። በሌላ በኩል የድርጅቱ አመራር አባል የነበረው ሚሃይሎ ስቴፓንያክ በሶቭየቶች እጅ ወድቆ ሲመረመር፣ የቮሊኒያውን አዛዥ ዲሚትሮ ክሊያችኪቭስኪን ከነቀፉት መካከል ሌቤድ እንደነበረ ተናግሯል። የጭፍጨፋው ዋና ማዕበል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሌቤድ ከግንቦት ጀምሮ አመራሩን ለሮማን ሹሄቪች አስረክቦ ነበር። ስለዚህ 6ኛው የሚለው፣ በመሪነቱ የሚጠየቅበት በቂ ነገር አለ፤ እያንዳንዱን መንደር ያስፈጀ ትእዛዝ በእጁ ተፈርሟል ለማለት ግን ሰነዱ አያደርስም። ምስክርነት ሲነበብ ብዕሩን የያዘው ማን እንደነበረ፣ የተጻፈው መቼ እንደሆነና ተናጋሪው ምን እንደሚያተርፍ ይታይ ብሏል። ስቴፓንያክ የተናገረው በመርማሪ ፊት ነው፤ ጥፋት ከወዳጁ ላይ ለማራቅ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ መርማሪውም የራሱ ፍላጎት አለው።

7ኛው ተቆጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስ በርስ «እርስዎ» ይባባል ነበር፤ እሱ ግን 6ኛውን «አንተ» ብሎ ገዳይ የሚያጥብ ጠበቃ አደረገው። ከቁጣው ሥር የተገኘው ቁም ነገር የዛኮፓኔ ጉዳይ ነው። ሚኪታ ኮሳኪቭስኪ የሚባል የድርጅቱ አባል በ1947 በጻፈው ምስክርነት፣ በጦርነቱ መጀመሪያ ዛኮፓኔ በተባለችው የፖላንድ ተራራማ ከተማ ጌስታፖ ለድርጅቱ ሰዎች ሥልጠና ይሰጥ እንደነበረ፣ ሌቤድም እዚያ እንደነበረና አይሁዶችን በማሠቃየት እንደተሳተፈ ዘርዝሯል። 8ኛው መልስ የመጣው ከ6ኛው ሰው ነው፤ በስድብ አልመለሰም። የኮሳኪቭስኪ ቃል በቁም ነገር መታየት አለበት፤ ሆኖም በፍርድ ቤት ሚዛን ሲታይ የአንድ ሰው ቃል ነው። ይህን ሲል «እርስዎ» ማለቱን አልተወም፤ ክሩ የተረጋጋውም በዚህ ይመስለኛል።

9ኛው ወደ ስደቱ አሻገረን። በሐምሌ 1944 የሶቭየቱ ቀዩ ጦር ሲቃረብ ካርፓቲያን ተራሮች ሥር የዩክሬን ከፍተኛ የነፃነት ምክር ቤት ተመሠረተ። ሌቤድ የውጭ ጉዳይ ኃላፊነቱን ይዞ ምዕራባውያንን እንዲያገኝ ተላከ። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ተቀመጠ፤ ለአሜሪካ ጦር የፀረ ስለላ ክፍልም መረጃ ማቀበል ጀመረ። በ1947 መጨረሻ፣ ሶቭየቶች እንዳይጠልፉት በመስጋት ይኸው ክፍል ከነቤተሰቡ ወደ ሙኒክ አሻገረው። የሚያስደነግጠው፣ የጦሩ የራሱ ማኅደር በዚያን ጊዜ ሌቤድን በጭካኔው የታወቀና ከጀርመኖች ጋር የተባበረ ሰው አድርጎ መዝግቦት ነበር። ማለትም አሻጋሪዎቹ ማንን እንደሚያሻግሩ ያውቁ ነበር።

10ኛው ይህ ሁሉ የታወቀው የፔፐርክሊፕ ዘመቻ አካል ነው አለ። 11ኛው ወዲያው አረመው። ፔፐርክሊፕ የጀርመን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች የገቡበት በር ነው፤ ሌቤድ በሌላ በር ነው ያለፈው። ያንን በር ደረጃ በደረጃ እንዲህ ገለጸው። ሌቤድ በጥቅምት 1949 ኒው ዮርክ ገባ። ሲገባ የዋርሶውን ፍርድና የጦርነት ታሪኩን አላሳወቀም። ብዙም ሳይቆይ ስደተኛ ዩክሬናውያን ራሳቸው ማንነቱን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጠቆሙ፤ ምርመራ ተከፈተ፤ ሊባረር የሚችል ሰው ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሲአይኤ ገባበት። በ1949 የወጣው የሲአይኤ ሕግ 8ኛ ክፍል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉና የኢሚግሬሽን ኮሚሽነሩ ከተስማሙ በዓመት እስከ 100 ሰው፣ ሌላው ሕግ ቢከለክለውም እንኳ፣ ለቋሚ ነዋሪነት እንዲገባ ይፈቅዳል። ግንቦት 5 ቀን 1952 የሲአይኤ ምክትል ዳይሬክተር የነበረው አለን ደለስ ለኮሚሽነሩ በጻፈው ደብዳቤ የሌቤድ ጥቅም ሊተመን የማይችል መሆኑን ገልጾ ጠየቀ። ኑሮው በዚህ መንገድ ሕጋዊ ሆነ፤ በመጋቢት 1957 ዜግነት ተሰጠው።

በ12ኛው መልስ ላይ የሥራው ዝርዝር መጣ። ሲአይኤ ከሌቤድ ጋር የከፈተው ሥራ ምስጢራዊ ስሙ መጀመሪያ ካርቴል፣ ቀጥሎ ኤሮዳይናሚክ ነበር። የመጀመሪያው መልኩ ሰው በፓራሹት ወደ ሶቭየት ዩክሬን መጣል ነው። ከመስከረም 1949 ጀምሮ ከጀርመን እየተነሱ ሬዲዮና ኮድ የያዙ መልእክተኞች ተጣሉ፤ አብዛኞቹ ተያዙ። የከሸፈበትም ምክንያት አንድ አይደለም። ከሚላኩበት የስደተኞች ድርጅት ውስጥ የሶቭየት ሰላዮች ነበሩ። የሚቀበላቸው የጫካ ጦር በ1950 ሹሄቪች ከተገደለ በኋላ ተመናምኖ ነበር። የተያዘ ሬዲዮ ኦፕሬተርም በመርማሪዎቹ እጅ ሆኖ መላኩን ስለሚቀጥል፣ ላኪው ሰዎቹ በሰላም ያሉ ይመስለው ነበር። በ1951 የተጣለው ቫሲል ኦሕሪሞቪች በ1952 ተይዞ በ1954 ተረሸነ። ሌቤድ ኒው ዮርክ ሆኖ የላካቸው ወጣቶች ዕጣ ይህ መሆኑ መልስ ሰጪውን አስቆጥቶታል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው።

ሁለተኛው መልክ ኅትመት ነው። ከ1953 ጀምሮ ሌቤድ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚመራው የጥናት ቡድን በ1956 ፕሮሎግ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የምርምርና የኅትመት ድርጅት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሙኒክም ቅርንጫፍ ነበረው። በ1957 ብቻ 1,200 የሬዲዮ ዝግጅቶች ተላልፈዋል፤ በወር 70 ሰዓት ማለት ነው። 200,000 ጋዜጣና 5,000 በራሪ ጽሑፍም ተሰራጭቷል። ሌቤድ በ1975 ከኃላፊነቱ ቢወርድም አማካሪነቱን ቀጠለ። ፕሮሎግ እስከ 1990 በሲአይኤ ገንዘብ ቆየ።

13ኛው የዚህን ሥራ በጎ ጎን ተሟገተለት። ሶቭየት ውስጥ የታፈኑ ዩክሬናውያን ደራስያን በሙኒክ በሚታተመው «ሱቻስኒስት» መጽሔት በኩል አንባቢ አግኝተዋል፤ መጽሐፍ በድብቅ ገብቶላቸዋል፤ ብዙዎቹ አዘጋጆችም ከ1943 ጋር ምንም ንክኪ የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። ማንም አላስተባበለውም። ጠያቂዋ ግን በ14ኛው መልስ ተመልሳ፣ መጽሔቱ ጥሩ መሆኑ ያስተዳደረው ሰው ፍርድ ፊት ለምን እንዳልቀረበ አያስረዳም ስትል ክሩን ወደ ጥያቄዋ ጎተተችው።

15ኛው መልስ የክሩ እንብርት ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በውጭ አገር፣ የውጭ ዜጎች በውጭ ዜጎች ላይ በጦርነቱ ጊዜ የፈጸሙትን ግድያ በወንጀል የሚዳኙበት ሕግ አልነበራቸውም። ያላቸው የፍትሐ ብሔር መንገድ ብቻ ነበር። በ1979 በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው የልዩ ምርመራ ጽሕፈት ቤት የተጓዘውም በዚሁ ነው። መጀመሪያ በፌዴራል ፍርድ ቤት ዜግነቱ የተገኘው በማታለል መሆኑን አረጋግጦ ማሰረዝ፤ ቀጥሎ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመባረር ትእዛዝ ማውጣት፤ በመጨረሻ የሚቀበለው አገር መፈለግ። በየደረጃው የሚሰናከል አለ። በመጀመሪያው ደረጃ ማንነት ይሳሳታል፤ ጆን ዴምያንዩክ በ1986 ለእስራኤል ተላልፎ የትሬብሊንካው «ኢቫን ዘግናኙ» ነው ተብሎ ሞት ተፈርዶበት፣ በ1993 ሰውየው ሌላ መሆኑ ስላጠራጠረ ተለቀቀ፤ በሶቢቦር የሞት ካምፕ ዘበኛነቱ ሙኒክ ላይ የተፈረደበት በ2011 ነው። በመጨረሻው ደረጃ ደግሞ ተቀባይ ይጠፋል፤ በናዚዎቹ የዘበኞች ማሠልጠኛ ካምፕ በትራቭኒኪ የሠለጠነው ያኪቭ ፓሊይ በ2003 ዜግነቱ ተሰርዞ፣ በ2004 እንዲባረር ታዝዞ፣ የሚቀበለው አገር ስለጠፋ እስከ 2018 ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ኖሯል።

ሌቤድ ላይ ግን መሰናክሉ ገና ከመነሻው ነው። ፌዶሬንኮን የጣለው ውሸት ነው። ተገድጄ ነው ያገለገልኩት ቢልም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 የስደተኞቹ ሕግ በፈቃድና በግዴታ መካከል እንደማይለይ፣ መደበቁ ብቻ እንደሚበቃ ወሰነ። ለማታለል ክስ የተታለለ ባለሥልጣን ያስፈልጋል። በሌቤድ ጉዳይ ከ1952 በኋላ የተታለለ የለም፤ ሲአይኤ ያውቅ ነበር፣ ኢሚግሬሽን ያውቅ ነበር፣ ነዋሪነቱ የጸደቀውም እያወቁ ነው። በ1985 የኮንግረሱ የሒሳብና የአሠራር መርማሪ መሥሪያ ቤት ስሙን ሳይጠራ ጉዳዩን በሪፖርቱ አካተተ፤ በ1986 መጀመሪያ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ስሙን አወጣው። የልዩ ምርመራ ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ከፈተ። ሲአይኤ በ1991 እንኳ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ድርጅቱ የጦርነት ጊዜ መዛግብት የጀርመንን፣ የፖላንድንና የሶቭየትን መንግሥታት እንዳይጠይቅ ለማግባባት ሞክሯል። በመጨረሻ ቁርጥ ያለ ሰነድ ስላልተገኘ ምርመራው ቆመ። ጠያቂዋ የፈለገችው መልስ ይህ ነው፤ ማስረጃ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት ራሱ አሠሪው ነበር።

16ኛው ከርዕሱ ወጣ ብሎ ከልበሳ ነገዎን አነሣ። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የከፍተኛ ሊቀ መንበር የነበረው ሰው፣ አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ ያሠቃያት ሴት አወቀችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 ተፈረደላቸው፤ ሆኖም ዜግነት ከማግኘት አላገደውም። 17ኛው ይህ የዩክሬን ክር ነው፣ ሌላ ክፈቱ ብሎ በቁጣ ዘለፈው። 18ኛው ግን ግንኙነቱን አሳየ። በታኅሣሥ 2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የልዩ ምርመራ ጽሕፈት ቤቱን ሥልጣን ከናዚዎች ጉዳይ አውጥቶ በማናቸውም አገር ሰው ላሠቃየና ከሕግ ውጭ ለገደለ አሰፋው፤ ማሠቃየትንም ራሱን የመባረር ምክንያት አደረገው። በዚህ ሕግ መጀመሪያ ከተያዙት አንዱ ከልበሳ ነው። ዜግነቱን በ2004 አጥቶ፣ በጥቅምት 2006 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደተፈረደበት ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ለእኔ ይህ ከርዕስ መውጣት አይደለም፤ ሌቤድን መያዝ ያልቻለው ሥርዓት በኋላ የተጠገነበት ቦታ ነው።

ያው 18ኛ መልስ ሰነዶቹን ራሷ ማየት ለምትፈልገው ጠያቂ መንገዱን አስቀምጦ ክሩን ዘግቷል። የናዚ ጦር ወንጀሎች ይፋ ማውጫ ሕግ በጥቅምት 1998 ስለወጣ የሌቤድ ማኅደር ተከፍቷል። የሲአይኤው ማኅደር ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በምድብ 263፣ የጦሩ የፀረ ስለላ ማኅደር በምድብ 319 ውስጥ ነው። የኤሮዳይናሚክ ጥራዞች በሲአይኤ የኢንተርኔት ንባብ ክፍልም ተጭነዋል። ስትፈልግ ሌቤድንም ሌቢድንም፣ በድርጅቱ ውስጥ ይጠራበት የነበረውን ማክሲም ሩባንንም አንድ በአንድ ታስገባ። የሥራው ስም በ40 ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተቀይሯል፤ መጨረሻ ላይ ኪውአርፕላም ይባል ነበር፤ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሌላውን ያጣል። በጥቁር የተሸፈነ መስመር ስታገኝ ያው ሰነድ በሌላው ምድብ ሳይሸፈን ሊኖር ስለሚችል ቀኑን ይዛ ታመሳክር። የግል ወረቀቶቹ ሃርቫርድ በሚገኘው የዩክሬን ጥናት ተቋም ተቀምጠዋል፤ እነዚህ ግን ራሱ የመረጣቸው ስለሆኑ ከማኅደሮቹ በኋላ ቢነበቡ ይሻላል።